ጠበሉና ጀሶው

ልጄን ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣኋት በቃሬዛ ነው። አራት ዓመቷ ነበር። ከብብቷ ሥር ጀምሮ እስከ ሁለቱ ቁርጭምጭሚቶቿ ድረስ በጀሶ ተጠቅልላለች። እግሮቿ ግራና ቀኝ ተከፍተዋል። እንደተከፈቱ እንዲቆዩም ከአንዱ ጉልበቷ ወደ ሌላው አንድ ዱላ ተጋድሞ በጀሶው ተይዟል። ከታች ለሽንት የሚሆን ቀዳዳ ትተውላታል።

አውቶቡሱ እንጅባራ አወረደን። ከዚያ የባለቤቴ ሁለት ወንድሞች የቀርከሃውን ቃሬዛ ተሸክመው ወደ ዘንገና በሚወስደው የእግር መንገድ ይዘዋት ወጡ። ብርድ ነበርና ጋቢ አልብሰናታል። ጋቢው ተንሸራቶ ፊቷን ሸፍኖት ኖሮ፣ ማሳ ውስጥ የነበሩ ሴቶች ሲያዩን እሪ አሉ። አንዷ ደረቷን እየመታች ወደ እኛ መጣች። በዚህ ጊዜ ልጄ ራሷን ከጋቢው ውስጥ ብቅ አድርጋ፣

"እማ፣ ማን ሞተ?" አለችኝ።

የሴትዮዋ እጅ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ማንም አልሞተም፤ ተኚ" አልኳት።

"ታዲያ ለምን ያለቅሳሉ?"

"ስላላወቁ ነው።"

ልጄ የተወለደችው ቀኝ ዳሌዋ ከቦታው ወልቆ ነው። የመራመጃ ጊዜዋ ሲደርስ እየተወላገደች ወደ ጎን ትወድቅ ነበር። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ቀዶ አጥንቱን ወደ ቦታው መለሰው። ሲያሰናብተን አስተርጓሚው የነገረኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። "ሦስት ወር ነው። ጀሶው እንዳይሰበር፣ ውኃ እንዳይነካው። ውኃ ካገኘው ጭቃ ነው፤ አጥንቱ ይወጣል። ከወጣ ደግሞ ሁለተኛ አይመለስም። እንግዲህ መራመዷ በአንቺ እጅ ነው።" ሐኪሙ ይህን ሁሉ ማለቱን እንጃ። እሱ የተናገረው ከዚህ ያጠረ ነበር።

ደጃችን ስንደርስ ልጄ በበሩ አልገባ አለች። እግሮቿ ከበሩ ይሰፋሉ። ወንድማማቾቹ በጎን ሊያስገቧት ሲያጋድሏት ጮኸች፤ እኔም እንዳትጣመም ብዬ ከለከልኳቸው። በዚያ ብርድ ደጅ ላይ ቆምን። አማቴ ከጎናችን ካለው ቤታቸው ወጥተው ጥቂት ሲያዩን ቆዩ። ከዚያ ገብተው መጥረቢያ አመጡና ከመቃኑ ቀጥሎ ያለውን የቀርከሃ ግድግዳ እስከ ወገባቸው ድረስ ቆረጡት።

"ላም የታመመች ጊዜ አፍርሰነው እናውቃለን" አሉ፤ "ለልጅማ።"

ልጄ ገባች። ቀዳዳውን በጭድ ወተፍኩት። ነፋሱ ግን ሦስቱንም ወር በዚያው ሲገባ ከረመ።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። አባቴ ዳዊት አስደግሞኛል፤ አገውኛ ግን አላውቅም። ወደዚህ አገር ያመጣኝ ትዳር ነው። ባለቤቴ በዚያ ዘመን ወታደር ሆኖ በምሥራቅ በረሃ ነበር፤ ደብዳቤው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢመጣ ነው። አባትና እናቴ አርፈዋል። እንግዲህ ያለኝ ይህች ልጅና አማቴ ናቸው። አማቴ አማርኛ ያውቃሉ፤ ሲፈልጉ ይናገሩታል።

በመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቀን መጣ። ሴቶቹ መደቡ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ጀሶውን በጣታቸው እያንኳኩ በአገውኛ ያወራሉ። ልጄ ሁለቱንም ቋንቋ ታውቅ ነበርና ሲወጡ ትነግረኛለች።

"ምን አሉ?" እላታለሁ።

"ምስኪን አሉ።"

"እግዜር ይስጣቸው። አንቺንማ ያሳዝናል።"

"እኔን አይደለም። አንቺን ነው።"

በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሰው መጣ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ አልነበረም። አልፈርድባቸውም፤ የመኸር ጊዜ ነው፤ ሁሉም ሥራ አለበት።

ልጅ የታመመ እንደሆነ እናት ታዝለዋለች። አዝላ ትጋግራለች፣ አዝላ ውኃ ትቀዳለች፣ አዝላ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች። እኔ ግን ልጄን ማዘል አልቻልኩም። አንቀልባው ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ከረመ። ትታቀፍም ዘንድ አልተመቸችም፤ ጀሶው ከእሷ ይልቅ ይከብዳል። በቀን ስድስት ጊዜ አገላብጣታለሁ፤ በጀርባዋ፣ በሆዷ፣ ደግሞ በጀርባዋ። በሆዷ ስትሆን ጭድ የሞላሁትን ጆንያ ከደረቷ ሥር አደርግላታለሁ፤ ያን ጊዜ እጆቿን ለመብላትም ለመጫወትም ታገኛለች። ከሆስፒታል የሰጡኝን ላስቲክ በቀዳዳው ዙሪያ ወትፌ ጨርቅ እቀያይራለሁ። ጨርቁን አጥቤ አሰጣለሁ፤ በዚያ ጭጋግ ቶሎ አይደርቅም፤ በእሳት አደርቀዋለሁ። ተረከዟ እንዳይቆስል በቅቤ አሸዋለሁ። ሲመሽ ቀኑ የት እንደሄደ አላውቅም ነበር፤ ግን ደግሞ ረጅም ነበር።

አንድ ቀን ቆሎ ሰጥቻት ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ፣ በደረቷ በኩል ጀሶው ውስጥ ቆሎ ስትከት ደረስኩባት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ሆዴን እያበላሁት ነው።"

"በአፍሽ አይሻልም?"

"በአፌ ጠገብኩ። እሱ ነው ያልጠገበው።"

ገልብጬ አራግፌ አብዛኛውን አወጣሁት። ጥቂቱ ግን ውስጥ ቀረና ሲቆረቁራት ሰነበተ።

ከሁሉ የከበደኝ ቤተ ክርስቲያን መቅረቴ ነው። እሑድ ማለዳ ደወሉ ይሰማኛል። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲመለስ ኮቴውን እሰማለሁ። እኔ ከመደቡ አጠገብ ቆሜ ዳዊቴን እደግማለሁ። ልጄ ስደግም አፍ አፌን እያየች ትተኛለች። ሌላ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

ጥምቀት ሲደርስ ጀሶው ስድስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ታቦቱ ወደ ወንዝ ወረደ፤ የመንደሩ ሰው በሙሉ ነጭ ለብሶ በደጃችን አለፈ። ልጄ በሆዷ ተኝታ በበሩ ሥር የሚያልፈውን እግር ትቆጥራለች። ከሃያ ወዲያ መቁጠር ስለማታውቅ ሃያ በደረሰች ቁጥር እንደገና ከአንድ ትጀምራለች።

በማግሥቱ ቀትር ላይ አማቴ በቅል ጠበል ይዘው መጡ። በአገራችን ከጥምቀቱ ውኃ ላልቻለ ሰው ይመጣለታል፤ ሕመምተኛውም አራሷም በየቤታቸው ይረጫሉ።

"ለእሷ ብዬ ከመሐሉ ነው የቀዳሁት" አሉ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ። ግንባሯንና እጇን ብቻ ያድርጉላት።"

"የታመመው ዳሌዋ ነው። ግንባሯ ምን ሆነ?"

"ጀሶው ውኃ አይወድም ብለውኛል።"

"ይሄ ውኃ ነው እንዴ?" አሉኝ።

ግንባሯንና እጆቿን ቀቧት። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ በሦስት ጣታቸው ሦስት ጠብታ ጀሶው ላይ ጣል አደረጉ።

"ይኸው። ፈረንጅሽ አልሞተም።"

ልጄ ሳቀች። አማቴም እየሳቁ ወጡ። ቅሉን ግማሽ ያህል ውኃ እንዳለበት ትተውልኝ ሄዱ።

ያን ቀን ያደረግሁትን ሳልደብቅ እጽፋለሁ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ያ ጥያቄያቸው ከልቤ አልወጣ አለ። ይህች ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ከጠበል ጠበል ስወስዳት ኖሬያለሁ። አሁን ግን ጠበሉ እቤቴ ድረስ መጥቶ ከዳሌዋ ከለከልኩት። ለሐኪሙ ታዝዤ እግዚአብሔርን ደጅ ያስጠበቅሁት መሰለኝ። ልጄ ደግሞ፣ "እማ፣ ውስጤን አሳከከኝ" አለችኝ። በጀርባዋ ነበረች። ቅሉን አነሳሁ። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። በቀኝ በኩል በጀሶውና በጎኗ መካከል ባለው ክፍተት ሁለት እፍኝ የሚሆን አፈሰስኩ። ውኃው ወደ ዳሌዋ ሲወርድ ሰማሁት።

"ደስ ይላል" አለች። "እንደገና።"

እንደገና አፈሰስኩ።

በሦስተኛው ቀን ሳገላብጣት ጀሶው ሲጥጥ አለ። የረጠበ ኖራ ይሸታል። ዳሌዋ ላይ በአውራ ጣቴ ብጫነው እንደ ሊጥ ገባ። እግሯ ከዚህ በፊት ከጀሶው ጋር እንደ አንድ እንጨት ነበር የሚዞረው፤ አሁን ትንሽ ዘግይቶ ነው የተከተለው። በጀርባዋ አስተኝቼ እጄን አነሳሁ። ከዚያ በኋላ ማገላበጥ ፈራሁ።

አማቴ እንደ ልማዳቸው እርጎ ይዘው ገቡ። ፊቴን አይተው ወደ ልጅቱ ሄዱ፤ እኔ የነካሁትን ቦታ ነኩ። እጃቸውን መልሰው ሦስቱን ጣቶቻቸውን አዩ።

"ሦስት ጠብታ ነበረ እኮ" አሉ።

የልጄን ጋቢ አስተካከልኩ።

"ሦስት ጠብታ ነው" አሉ ደግመው፤ ግን ለራሳቸው ነበር። እርጎውን አስቀምጠው ወጡ።

እውነቱን ላልናገር አስቤ አልነበረም። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ አራት ቀን አለፈ። መደቡን ትቼ ልጄን እሳት አጠገብ አስተኛኋት። ጀሶው ደረቀ፤ ሲደርቅ ግን ከዳሌዋ እስከ ጭኗ ተሰነጠቀ። በነዚያ አራት ቀናት አማቴ በጠዋት እየመጡ ከበር ቆመው ልጅቱን ያያሉ፤ አይገቡም። እኔም ግቡ አልልም። ዳዊቱን ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ አንድ መዝሙር እጀምርና የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል።

ሆስፒታሉ ሩቅ ነው። በቅርብ ያለው የዳንግላ ክሊኒክ ነበር። ወንድማማቾቹ እስከ መኪናው መንገድ ተሸከሟት፤ ከዚያ የጭነት መኪና ላይ ከእህል ጆንያ ጋር ተሳፈርን። አማቴ ሳይጠሩ መጡ። ዳንግላ ስንገባ ያደግሁበትን ቤት አልፈን ሄድን። ደጁ ላይ የማላውቃት ሴት ገብስ ታሰጣ ነበር።

የክሊኒኩ ቁስል አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ገና ወጣት ነው። ስንጥቁን አየ፤ አሸተተው።

"ማነው ያረጠበው?"

"እኔ ነኝ" አሉ አማቴ ከእኔ ቀድመው። "አሮጊት ነኝ፤ አላወቅሁም።"

"እማማ፣ የልጅ ልጅዎን እግር ሊያሳጧት ነው እንዴ? ሐኪሙ ውኃ አታስነኩ አላለም?"

አማቴ አንገታቸውን ደፉ። የልጅ ልጃቸው ሊሆን ከሚችል ሰው ያን ሁሉ ቁጣ ተቀበሉ። ያን ጊዜ አያቷን እምዬ የምትላቸው ልጄ ከአልጋው ላይ ሆና፣

"እምዬ አይደለችም" አለች። "እምዬ ግንባሬን ነው። ያፈሰሰችው እማ ናት። ሁለት ጊዜ።"

እኔው ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ አላውቅም።

ድሬሰሩ አንዴ አየኝና የላላውን ቆርጦ አወጣ፤ እግሯን አስተካክሎ ይዞ አዲስ ጀሶ በነጭ ጨርቅ ደራርቦ ጠቀለለላት። እጁን እየታጠበ፣ "ዳሌዋ አልወጣም ብዬ አልምልልሽም" አለኝ። "እዚህ የራጅ መሣሪያ የለንም። ወጥቶም ከሆነ የሚታወቀው ሆስፒታል ሄዶ ጀሶው ሲፈታ ነው። እስከዚያ አታንቀሳቅሷት።"

ደጅ ወጥተን የሚመለስ መኪና ስንጠብቅ አማቴ ከእኔ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"አራት ቀን እህል አልቀመስኩም" አሉ።

"እማማ..."

"ለልጅቱ የያዝሽውን ዳቦ አምጪው።"

ሰጠኋቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እስከ ፍርፋሪው ጨርሰው በሉት። ልጄ ከቃሬዛው ላይ፣ "እምዬ የእኔንም በላችው" አለች። እሳቸውም ሳይዞሩ፣ "ያንቺንም የእናትሽንም" አሏት። ከዚያ ቀን በኋላም በበሬ አልመጡም።

በጥር ጊዮርጊስ ዕለት ፈረሰኞች በመንደራችን አልፈው ወደ በዓሉ ሲሄዱ ጎረቤት ሁሉ ተከተላቸው። የቀዳዳውን ጭድ አንስቼ ልጄን ከነቃሬዛዋ በቀስታ እየሳብኩ አጥሩ ሥር አወጣኋት። አንዱ ፈረሰኛ ፈረሱን ገታ አድርጎ በአገውኛ ሰላም አላት፤ መለሰችለት። ኮቴው ከራቀ በኋላ፣

"እማ፣ እኔም ፈረስ እቀመጣለሁ" አለች።

"ስትድኚ።"

"አሁንም እችላለሁ። እግሬ ተከፍቷል እኮ።"

ሳቅሁ። ከልቤ ሳቅሁ። ዘወር ስል የሚሰማኝ ሰው አልነበረም፤ መንደሩ ባዶ ነበር። ውሻ እንኳ ፈረሶቹን ተከትሎ ሄዷል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የመጠበቅ ነው። አጥንቱ ጀሶው ውስጥ ነው፤ ማየት አይቻልም። ልጄን ስጠርግ፣ ሳበላት፣ ጨርቅ ስቀይርላት አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ፤ አለ ወይስ ወጥቷል? ተኝታ ሳለች የእግሮቿን ጣቶች ግራና ቀኝ አድርጌ እለካቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን እኩል ይሆኑብኛል። አንዳንድ ቀን አይሆኑም።

ዐቢይ ጾም እንደገባ የንስሐ አባቴ መጡ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ የጠበሉንም፣ የአራቱን ቀን ዝምታም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

"ጠበሉን በእምነት ነው ያፈሰስሽው ወይስ በፍርሃት?"

"አልለየሁትም፣ አባቴ።"

"እሺ። እሱን ለእግዜር ተዪለት" አሉ። "ሌላውስ?"

"ሌላው ዝምታዬ ነው።"

"እሱ የታወቀ ነው። ድንጋይ ተሸከሚ።" ከዚያ ልጄን አይተው ጨመሩ፤ "ስግደት አላዝሽም፤ ሥራ አለብሽ። ልጅቱን በምታነሺበት ጊዜ ሁሉ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በይ።"

በማግሥቱ ከጓሮዬ ድንጋይ አንስቼ አንገቴ ላይ አደረግሁና ወደ አማቴ ቤት ሄድኩ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ደጃቸው ላይ ተንበረከክሁ። ሽንኩርት ሊተክሉ አጎንብሰው ነበር፤ ቀና ብለው አዩኝ።

"ልጅቱን ለማን ትተሽ መጣሽ?"

"ተኝታለች፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ብቻዋን?"

"ይቅር ይበሉኝ ብዬ..."

"አንቺ ሴት፣ ብቻዋን ትተሻት?" ጥለውኝ በጭቃ እጃቸው ወደ ቤቴ ሄዱ። ድንጋዩን እንደተሸከምኩ ተከተልኳቸው። ስደርስ ከመደቡ አጠገብ ተቀምጠው የልጄን ፊት ያያሉ።

"ድንጋዩን አውርጂው" አሉኝ። "እዚህ አይደለም፤ እኔ ቤት ውሰጂው። ጉልቻዬ አንዱ ተሰብሯል።"

ይቅር ብያለሁ ሲሉ አልሰማኋቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ልጄን ሳነሳ በእግሯ በኩል እሳቸው ይይዛሉ። አቡነ ዘበሰማያት ስል ይጠብቁኛል።

በመጋቢት ሆስፒታል ወሰድናት። ጀሶውን በመጋዝ ሲቆርጡት ልጄ ጮኸች፤ እኔን አስወጡኝ። ራጅ አነሷት። ከኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ብዙ ሰው ይወጣል፣ ይገባል፤ የሚያውቀኝ የለም። መዝሙር ልደግም ሞከርኩ፤ ከአፌ የወጣው ያው አቡነ ዘበሰማያት ነው። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አልቆጠርኩም።

አስተርጓሚው በሩን ከፍቶ፣ "ቦታው ላይ ነው" አለኝ።

"ምኑ?"

"አጥንቱ ነዋ። ቦታው ላይ ነው። ሐኪሙ ደኅና ጠብቀሻታል ይልሻል።"

መሬቱን ሳምኩ። የውኃውን ነገር ልነግረው ቀና ስል ሐኪሙ ወደ ሌላ ሕመምተኛ ሄዷል። አስተርጓሚውም ተከትሎታል።

ልጄ ከጀሶው ስትወጣ እግሮቿ እንደ ሸንበቆ ቀጥነው፣ ቆዳዋ ተቀርፎ ነበር። ያ የቀረው ቆሎም ከጎኗ ተጣብቆ ወጣ። መቆም ከፋሲካ በኋላ ነው የጀመረችው፤ ግድግዳውን ይዛ። ሰኔ ሲገባ አንድ ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን ለቀቀች። አምስት እርምጃ ሄደች። የሄደችው ወደ እኔ አልነበረም፤ ወደ አማቴ ነው። እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ተቀብለው፣ ከእሷ ትከሻ በላይ ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ ካለሁበት አልተነሳሁም።

ይህ ከሆነ ብዙ ዘመን አለፈ። አማቴ ካረፉ ቆይተዋል። ልጄ አድጋ፣ ተድራ፣ ግምጃ ቤት ከተማ ትኖራለች፤ እሷም ወልዳለች። ቀኝ እግሯ ከግራው በጣት ያህል ያጥራል። ከውልደቷ ይሁን ከዚያች ሁለት እፍኝ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ያን ቀን ሐኪሙን ተከትዬ አልጠየቅሁም። እሷን አንድ ጊዜ ስለ እግሯ ጠይቄያት፣ "እማ፣ ይሄ ደግሞ አጭር ነው ይባላል?" ብላ ሳቀችብኝ።

በገበያ ቀን ልትጠይቀኝ ስትመጣ፣ ከማዶ ጭነት የያዙ ሴቶች ተከታትለው ይወርዳሉ። ዓይኔ ደክሟል፤ ፊት አይለይም። እሷን ግን በአካሄዷ አውቃታለሁ። በቀኝ በኩል ትንሽ ዝቅ ትልና እንደገና ቀና ትላለች። ተመስገን እላለሁ። ቀጥዬ ይቅር በለኝ እላለሁ። ሁለቱን ብዬ ሳልጨርስ ትደርሳለች፤ ፈጣን ናት።